ለዌልሽ መጻሕፍት ሽልማት የቀረበ ሐሳብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ በዌልስ ለሕፃናትና ለወጣቶች መጻሕፍት የሚሰጠው የ«ቲር ና ኖግ» ሽልማት በዌልሽ (በዌልስ ነባር ቋንቋ) እና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሥራዎችን ለየብቻ መዳኘቱን አጥብቄ እደግፋለሁ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ዌልሽ እንደሚናገሩ የገለጹት 538 ሺህ ያህል፣ ማለትም ሦስት ዓመት ከሞላቸው የዌልስ ነዋሪዎች 17.8 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው የቀነሰውም በተለይ በልጆች ዘንድ ነው። ለእነዚህ ጥቂት አንባቢዎች የሚጽፍ ደራሲ ዓለምን ካዳረሰው የእንግሊዝኛ ገበያ ጋር በአንድ ሚዛን ቢቀመጥ ፍርዱ ፍትሐዊ አይሆንም። ለእንግሊዝኛው ዘርፍ እውነተኛ የዌልስ መቼት መጠየቁም ተገቢ ነው፤ ዌልሽ የማያነበው ልጅም አገሩን በመጽሐፍ ሊያገኛት ይገባል።

የሚያሳስበኝ ከሽልማቱ በኋላ ያለው ነው። በዌልሽ ከሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ልጆች የብዙዎቹ ወላጆች ቋንቋውን አያውቁም። ልጁ የተሸለመውን መጽሐፍ ይዞ ቤት ሲገባ፣ ማታ አልጋው ላይ የሚያነብለት የለም።

ስለዚህ ሽልማቱን የሚያዘጋጀው የዌልስ መጻሕፍት ምክር ቤት አሸናፊዎቹን የዌልሽ መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ በድምፅ አስቀርጾ፣ ከአጭር የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ጋር ለየትምህርት ቤቱ በነፃ እንዲያሠራጭ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንድ አንባቢ