ፍላሹ አንተ ጋ ነው አይደል?

አንተ ሰው፣ እንዴት ነህ?

ብደውል ምላሴ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ ነው የጻፍኩልህ። «ይቺ ልጅ ጉዳይ ሲኖራት ነው ትዝ የምላት» እያልክ ይሆናል። እውነትህን ነው፣ ጉዳይ አለኝ። ለልጅህ ክርስትና ጠርተኸኝ መቅረቴንም፣ ከዚያ ወዲህ ድምፄን ማጥፋቴንም አንድ ላይ ጠቅልለህ ይቅር በለኝ። አዳማ በፈጣን መንገዱ ምንም እንደማይርቅ አውቃለሁ፤ እሱን አትንገረኝ።

አሜሪካ ለማስተርስ ላመለክት ነው። አትሳቅ። ትወና አይደለም፣ ድርሰትም አይደለም፤ የኛኑ የቲያትር ሥራ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን የመድረክ ግንባታ። ለእማዬ ስነግራት ምስሯን እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል «አናጢነት ለመማር ነው ባሕር የምትሻገሪው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከፊሉ አናጢነት ነው።

ኒው ሄቨን ከተማ ያለውን የዬልን የድራማ ትምህርት ቤት ታውቀዋለህ። ዴቪድ ጌፈን የሚባለው የሙዚቃና የፊልም ከበርቴ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ 150 ሚሊዮን ዶላር ሰጣቸው። ትምህርት ቤቱን በስሙ ጠሩትና የትምህርት ክፍያ የሚባለውን ነገር ለሁሉም ተማሪ አነሡት። ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የቪዛው፣ የመኖሪያው፣ ኤምባሲ የሚታየው የባንክ ወረቀት ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱን መጀመሪያ ይቀበሉኝና አለቅሳለሁ።

እዚያው ቤት ሁለት በር አለ። አንዱ የሦስት ዓመት ማስተርስ ነው። ዲኮሩን የሚሸከመው ብረት ስንት ኪሎ እንደሚችል ታሰላለህ፣ ትስላለህ፣ በጀት ይዘህ ሰው እየመራህ ታስገነባለህ። ሌላው የአንድ ዓመት ሰርተፍኬት ነው፤ ዎርክሾፕ ገብተህ በእጅህ እየሠራህ ትማራለህ። ሰሜን ካሮላይና፣ ዊንስተን ሴለም ደግሞ ሌላ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ መድረክን በሞተርና በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ራሱን የቻለ ማስተርስ ነው። ራሱን የቻለ! እኛ ያንን የሚሽከረከር መድረክ በስድስት ልጅ ትከሻ ስንገፋ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ንግሥቲቱ ልትወድቅ ስትል ትዝ ይልሃል?

ትዝ ካለህ ጉዳዬ እሱ ነው። የሠራሽውን አሳዪን ይላሉ፣ በፎቶና በንድፍ። ስልኬን፣ ላፕቶፔን፣ ፌስቡክን ሳይቀር በረበርኩ። ስምንት ዓመት ሠርቼ ያለኝ ፎቶ ሁሉ የተዋንያን ፊት ነው። የኔ ግድግዳ ከኋላቸው ደብዝዞ ይታያል። አንዱ ላይ ክርኔ አለ። ሀገር ፍቅር ከተመሠረተ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ተዋናይ ስሙ ተጠርቷል፤ መጋረጃ ሳቢው ማን ነበር ቢሉህ ግን አንድ ሰው ትጠራለህ? የኛን ዕቃ ብሎ ፎቶ ያነሣ አንተ ብቻ ነህ። ከምናለሽ ተራ ያመጣነው የጭነት መኪና ኩሽኔታ መሐል ላይ፣ ቱቦላሬው ዙሪያውን ተበይዶ፣ ኮምፔርሳቶው ገና ሳይለብስ ያነሣኸው አለ። እሱን ነው የምፈልገው። ፍላሹ ቀይ ነው፣ ክዳን የለውም። ባለቤትህ ካልጣለችው።

ጉዳዩ ፎቶ ብቻ ቢሆን በቴሌግራም ሁለት መስመር ይበቃህ ነበር። ጽፌ አጥፍቻለሁ፣ ደጋግሜ።

ከማመልከቻው ጋር ለምን ይህን ሙያ እንደመረጥኩ መጻፍ አለብኝ። ስለ ቲያትር ፍቅሬ አንድ ገጽ ሞላሁ። ሳነበው አፈርኩ፤ የምርቃት መጽሔት ላይ ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ዓይነት ነው። እውነተኛው መልስ ያቺ ማታ ናት። ታውቃታለህ።

ትርኢቱ አልቆ እያፈረስን ነበር። ስምንት መብራት የተሸከመው ቱቦ ወገቤ ድረስ ወርዷል። አንተ ከመድረኩ በላይ ያለው መተላለፊያ ድልድይ ላይ ሆነህ፣ በገመዱ ሌላ ጫፍ የቱቦውን ሚዛን የሚጠብቀውን የአሸዋ ጆንያ ልትቀንስ ነው። «ጨረስኩ» እስክትል ከታች መብራት አይነካም፤ ያንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እኔ ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ መፍታት ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን እንደያዝኩ ቱቦው ከእጄ ተመንጭቆ ወደ ላይ ተተኮሰ። ጆንያው ወርዶ መድረኩ ላይ ፈረጠ። ጠራጊዋ ከዚያ ቦታ ባልዲዋን ይዛ ከሄደች ደቂቃ አልሞላትም። አቧራው ሲረግፍ ባልዲዋ የተወው ክብ ውሃ አሸዋው ሥር ገብቶ ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ሲጠሩን «ጨረስኩ ብዬ ነበር፣ የኔ ጥፋት ነው» አልክ። «ጨረስኩ» አላልክም ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ። ደመወዝህን ቀጡህ። በወሩ አዳማ ገብተህ የሰው አጥር በር መበየድ ጀመርክ። «እዚህ ይሻላል፣ የራሴ ሥራ ነው» ስትለኝ አምኜህ አይደለም ዝም ያልኩት። ማመኑ ስለተስማማኝ ነው። ክርስትናውም የቀረሁት... ተወው፣ ገብቶሃል።

እና ሦስት ዓመቱን የምፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። ሚዛኑ ስንተኛው መብራት ላይ ነው የተገለበጠው? ሦስተኛው ላይ ለምን ያዘ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ሠላሳ አንድ ሆነኝ እኮ፣ ፊዚክስም ካንተ እየኮረጅኩ ነው ያለፍኩት። አንዳንድ ቀን የአንድ ዓመቱን ወስጄ፣ እጄ የሚያውቀውን አጥርቼ ልመለስ እላለሁ። ዊንስተን ሴለም ደግሞ ሞተሩ ያጓጓኛል፤ እዚህ ተመልሼ ሞተሩን ከየት እንደማመጣው እንጃ። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥ ነበር? እንደ ድሮው ሳታባብል ንገረኝ።

ያቺን ማታ እንደሆነችው ልጽፋት ነው፣ የኔ ጥፋት አድርጌ። ስምህን አላነሣም። ግን ሳልነግርህ ለፈረንጅ መናዘዝ አስጠላኝ።

ፍላሹን በሚኒባስ ሹፌር እንዳትልከው፣ ይጠፋል። እኔው እመጣለሁ። ቅዳሜ አለህ? ልጁ ስንት ዓመቱ ሆነ፣ ጫማ ልይዝለት ነው፤ ቁጥሩን ላክልኝ። የማዘርን ጉልበት ሳምልኝ።

መጋረጃ ውስጥ የተጠቀለለችው