ከሰባት ዓመት በኋላ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ሰባት ዓመት ሙሉ ጠፍቼብህ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልህ ቅር እንዳይልህ። ይቅር በለኝ። ጎጃም ገብተህ የተፋሰስ ሥራ፣ ያንኑ የአፈርና ውሃ ጥበቃ፣ እንደያዝክ ሰማሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ወር ወሎ ሄጄ ያን ተራራችንን አየሁት። ትዝ ይልሃል፣ በጥርና በየካቲት ዘመቻ ሕዝቡን ይዘን ወጥተን ማታ ማታ የምንልከው ሪፖርት ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ የሚል ነበር። ስንቱ ክረምቱን ቆሞ አደረ ብሎ የጠየቀን የለም። እኛም አልጠየቅንም። አሁን ግማሹ የለም፣ ከብት ረግጦት ፈርሷል። ከላይ የተከለለው ቦታ ግን ሌላ አገር ነው የሚመስለው! ሳሩ ወገብ ይደርሳል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ሳሩን አጭደው እንዲሸጡ፣ ቀፎ እንዲሰቅሉ በውል ተሰጥቷቸዋል፤ ከብት ሲገባ የሚያስወጡትም የሚቀጡትም እነሱው ናቸው። አንድ ሽማግሌ በደርግ ጊዜ በስንዴና በዘይት ስለተሠራው እርከን አጫወቱኝ፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው የፈረሰው ባለቤት ስላልነበረው ነው ይላሉ። እኔም አምናቸዋለሁ።

ያኔ ለገበሬው ሁሉ የምናወራው ስለ አብርሃ ወአጽብሃ ነበር፣ ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ስላለችውና በ2004 ዓ.ም. ተፈጥሮን ለሚንከባከቡ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት ስላገኘችው መንደር። አሁንም እኮራባታለሁ። ግን እዚያ የሚያስፈልገው እያንዳንዱን ጠብታ መሬት ውስጥ ማስቀረት ነው። አንተ ያለህበት ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም ቦታ ቦታውን ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ነው። ያንኑ ውሃ የሚያስቀር ደልዳላ እርከን ወስደህ ብትሠራው ከበስተጀርባው ውሃ ይተኛል፣ ጤፉ ቢጫ ይሆናል፣ ገበሬው ደግሞ በሌሊት በዶማ ይሰብረዋል፤ የተሰበረበት ቦታ ላይ ጎርፉ ተሰብስቦ ቦረቦር ይከፍታል። እባክህ እንዲህ ያደረገውን ሰው ሰነፍ ብለህ እንዳትጽፈው። እርሻውን እያዳነ ነው። እርከኑ የአይጥ መጠጊያ ሆነብን ሲሉህም ስማቸው፣ እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ የጎርፍ መቀልበሻውንና የውሃ መሄጃውን ሥራ፣ ሳር ይያዝበት፣ እርከኑም ወደዚያው ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል። ገበሬዎቹ ሲያርሱ ፈሰስ፣ ትርፉን ውሃ የሚያስወጣውን ቦይ፣ የሚያወጡበትን አቅጣጫ ከነሱ ጋር ሆነህ በእግርህ እየው፣ ውሃው የት እንደሚሄድ ከኛ ካርታ በፊት እነሱ ያውቁታል። ሳሩን ማን እንደሚያጭድ ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር ይወሰን።

የዘንድሮው ዘመቻ መቼ ነው የሚጀምረው? ቀኑን ጻፍልኝ፣ መጥቼ አብሬህ ልውጣ።

ወንድምህ