እናቴ ፊታውራሪ መሸሻን ስትረግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ በድራማና በልብ ወለድ ውስጥ ያሉ ሰዎችን «ሙት፣ ተቃጠል» ማለት ነውር ነው፣ ልብ ያጨክናል ብለው ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሰው የሚያስቡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ግን አልተስማማሁም።

እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከብሎካችን ግራውንድ ላይ ነው። ማሽኔ ፊት ቴሌቪዥን አለ። ማታ በአማርኛ የተመለሰው የቱርክ ድራማ ሊጀምር ሲል ጎረቤቶቼ ዱካ ይዘው ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል። ያቺ ክፉ አማት ብቅ ስትል «እሳት ይብላሽ!» የማይል የለም። እኔም እላለሁ። ባለፈው ሳምንት እርጉዝ ምራቷን በዝናብ አስወጥታ በር ስትዘጋባት፣ ተናድጄ የሰው ቀሚስ ጠርዝ አጣምሜ ሰፋሁት። ስፌቱን በምላጭ ስፈታ አመሸሁ።

ጨክኜ ነው? ልጅቷ አሳዝናኝ እኮ ነው! እያየ ምንም የማይለው ሰው ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

እናቴን ላንሳ። ልጆች ሆነን፣ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርከው ቤታችን ጸጥ ይል ነበር። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ጋ ሲደርስ ግን እናቴ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ታስቀምጥና «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችህ!» ትላለች። ወደ ሬዲዮኑ ዞራ፣ ጣቷን ቀስራ። ሰብለ ወንጌል የሞተች ጊዜ ደግሞ እንደ ልጇ አለቀሰችላት። የዚያው የፊታውራሪ ልጅ መሆኗ ትዝም አላላት።

እናቴ ሰው ረግማ አታውቅም። ዶሮዋን የሰረቃትን እንኳ «ተርቦ ይሆናል» ብላ ነው የተወችው። አባቷ ግን አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበሩ። ካረሱት ለባለመሬቱ ይሰፍራሉ፣ አጥሩን ያጥራሉ፣ ቁሙ ሲባሉ ይቆማሉ። መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አያቴ ያን ቀን አላዩትም፤ ቀድመው ሞቱ። ባለመሬቱን አንድ ቀን ቀና ብለው ክፉ ሳይናገሩት።

እሳቸው ያልተነፈሱትን እናቴ ለፊታውራሪ መሸሻ ተናገረችው ብዬ ነው የማስበው። የባለመሬቱን ልጆች ግን ለቅሶ ቤት ስታገኛቸው ጉንጫቸውን ስማ፣ «እናታችሁ ደህና ናት?» ብላ ነበር የምትለያቸው። ይህን ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። እና ይህች ሴት በሬዲዮኑ ምክንያት ልቧ ጨከነ ልበል? አልልም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው።

በቅርቡ ከመገናኛ ወደ አባዶ በሚኒባስ ስመጣ አንድ ተዋናይ ከፊታችን ተቀምጧል። በአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማ ላይ የሟች ወንድሙን ልጆች ንብረት የሚቀማ አጎት ሆኖ የሚሠራ ነው። ዳቦ በፌስታል ይዟል፤ ጭኑ ላይ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሴት ልጅ ተቀምጣለች። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አንተ! የየቲም ገንዘብ የምትበላ! ድራሽህ ይጥፋ!» አለችው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ድራማ ነው እኮ እናቴ» አለ። ሴትዮዋ አላቆመችም። ሕፃኗ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ የአባቷን ፊት ታያለች። ኋላ የፌስታሉን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ አንገቷን ደፋች።

«ወራጅ አለ» አለ። ካራ እንኳ አልደረስንም ነበር። ያ ሰፈሩ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ወርዶ ሌላ ታክሲ ሊጠብቅ ቆመ።

እኔ ምንም አላልኩም። «ተይው፣ ሥራው ነው» ማለት ስንት ቃል ነው? ጸሐፊው ኃጢአት ፈልገው ከሆነ ይኸውልዎ፣ እዚህ ነው። እኔ ዘንድ ያለው ዝም ማለቴ ነው።

ያ ሰው ይህን ጋዜጣ ካነበበው፣ ከኋላው የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ የነበረችው እኔ ነኝ። ይቅር ይበለኝ። ልጁንም ይሳምልኝ። ቅዳሜ ማታ ግን ያን አጎት አልምረውም።

ልብስ ሰፊዋ
ከየካ አባዶ