የልጄን የፈተና ወረቀት አሳዩኝ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ቢሮ ኃላፊ

ለትምህርት ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የግል ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተናን ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእጄ ይዤ መጥቼ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። መልስ ግን የለም። ሳምንታት ጠብቄ በአካል ስመጣ ጸሐፊዎ "ተመርቷል" አሉኝ። ወደ ተመራበት ክፍል ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ባለሙያ ደብዳቤዬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "የግል ተቋም ነው፤ እኛን አያገባንም" ብለው መለሱልኝ። ይህን ያሉኝ ለዚያው ተቋም ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያየው ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

ልጄ ለአንደኛ ክፍል የመግቢያ ፈተና ስትቀመጥ ስድስት ዓመት ከሞላት ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። ለዚያች ቀን ሦስት ወር ሙሉ አዘጋጅቻታለሁ። ማዘጋጀት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርዎ።

ድሮ ማታ ማታ ተረት አነብላት ነበር። እሱ ቀረ። በምትኩ ዎርክሺት ገባ። የተለየውን ስዕል ክበቢ፣ ነጥቦቹን አገናኚ፣ የጎደለውን ቁጥር ሙይ። ሰዓት ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስትሳሳት "ስህተት ነው፣ ድገሚው" እላታለሁ። እሷም ትሰርዝና ትደግማለች። ላጲሷ በሁለት ወር ውስጥ አልቆ ሌላ ገዛሁላት።

አንድ ቅዳሜ በክፍሏ በር ሳልፍ አሻንጉሊቷን ግድግዳ አስደግፋ አስቀምጣ አየኋት። ፊት ለፊቷ ወረቀት ዘርግታለች። በጣቷ ወረቀቱን መታ መታ እያደረገች "ስህተት ነው። ድገሚው። ሰዓቱ እያለቀ ነው" ትላታለች። አነጋገሩ የእኔ ነው። የተኮሳተረው ግንባርም የእኔ ነው። ቆሜ ቀረሁ። ያን ዕለት ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህኛው ጥፋት የራሴ ነው፤ በማንም አላሳብብም። ግን ስንት ወላጅ ማታ ማታ እንዲህ ልጁ ላይ እየጮኸ እንደሚያመሽ ቢሮዎ አያውቅም አይበሉኝ።

የፈተናው ቀን ልጆቹን በር ላይ ተቀብለው አስገቧቸው። እኛ ውጭ ቀረን። ልጄ ዞር ብላ እንኳን ሳታየኝ ገባች፤ እንዳታለቅስ ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። ከእኛ ጋር ስትጠብቅ የነበረች አንዲት እናት ልጇ እዚያው ትምህርት ቤት በየቅዳሜው ቲቶሪያል ሲማር እንደከረመ ነግራኛለች። ቲቶሪያሉ በክፍያ ነው። የሚያስተምሩት የዚያው ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው።

መጀመሪያ የወጣው የእሷ ልጅ ነው። እየሮጠ መጣና "እማዬ፣ ያው ነው! ወፏ ያለችበት ወረቀት ነው የመጣው!" አላት። እናቱ ደንግጣ አፉን ያዘችው። እኔም እሷም ዝም አልን።

የእኔ ልጅ መጨረሻ አካባቢ ወጣች። አንድ እጇን ጨብጣለች። እንዴት ነበር ስላት አልመለሰችልኝም። መንገድ ላይ ጭብጧን ፈታ አደረገችው። ውስጡ ላጲሷ ነበር። ከላቧ የተነሳ እጇ ላይ ተጣብቋል። "ተሳሳትኩና ልሰርዝ ስል ሴትዮዋ መሰረዝ አይቻልም አለችኝ። ልድገመው ስላት እምቢ አለችኝ" አለች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ጥያቄዎች አልሠራቻቸውም። እኔ ለሦስት ወር ድገሚው ስላት የኖርኩትን ልጅ፣ ልድገመው ስትል ከለከሏት። ቁጭ ብላ ሰዓቱ እስኪያልቅ ጠበቀች።

ውጤቱ በስልኬ በአጭር መልእክት መጣ። "አላለፈችም" ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ ያገኘሁትን ሰውዬ ወረቀቷን አሳዩኝ አልኩ። "የፈተና ወረቀት ሚስጥር ነው" አሉኝ። የቲቶሪያሉ ልጆች ያንኑ ዓይነት ወረቀት በየሳምንቱ ቤታቸው ይዘው እንደሚገቡ ነገርኳቸው። ያቺ እናት አዝናልኝ የልጇን ማህደር አሳይታኛለች፤ ወፏን በዓይኔ አይቻታለሁ። ሰውየው አልተቆጡም፣ አልካዱምም። መሳቢያቸውን ስበው አንድ ቅጽ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉልኝ። የሚቀጥለው ዓመት ቲቶሪያል መመዝገቢያ ነው። "አሁን ብታስመዘግቧት ይሻላል፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል" አሉኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ አቤቱታዬ ይኸው ነው። ፈታኙ አስጠኚ ነው። አስጠኚው ነጋዴ ነው። ወረቀቱን የሚያየው የለም። የወደቀች ልጅ እናት ደግሞ በዚያው ሰዓት ደንበኛ ሆና ትመዘገባለች። ይህ አያገባንም ካላችሁ የሚያገባችሁ ምንድን ነው?

ደንቡን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ጥቅም በዋናነት መታየት አለበት ይላል። የአስተዳደር አካላትንም በስም ይጠቅሳል፤ ያ ማለት የእርስዎን ቢሮ ጭምር ነው። አንቀጽ 29 ግለሰቦች ትምህርት ቤት የመክፈት ነፃነት እንዳላቸው ይናገራል። ነገር ግን መንግሥት የሚያወጣውን ዝቅተኛ መስፈርት የማሟላት ግዴታ አብሮ ይጥልባቸዋል። "የግል ነው" የሚለው መልስ እዚህ ጋ ያበቃል። የግል በመሆኑ መስፈርት አውጡለት፣ ተቆጣጠሩት ነው የሚለው።

አይቻልም እንዳይሉኝ ደግሞ የቻለ አገር አለ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የትምህርት መብት ሕግ አንቀጽ 13 ትምህርት ቤት ልጅን ለመቀበል ልጁንም ሆነ ወላጁን በፈተናም በቃለ መጠይቅም እንዳያጣራ ከልክላለች። የጣሰ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 25,000 ሩፒ፣ ሲደግም በየጥፋቱ እስከ 50,000 ሩፒ ይቀጣል። ሕጉ የግሎቹንም ይነካል። ሁሉም ቦታ በትክክል ይፈጸማል እያልኩ አይደለም። ግን ጥፋቱን ጥፋት ብለው ጽፈውታል። እኛ ጋ ጥፋት መሆኑን የሚናገር አንድ መስመር እንኳን ከቢሮዎ ላገኝ አልቻልኩም።

ትምህርት ቤቱ "የልጆችን ደረጃ ማወቅ አለብን" ይላል። እሺ፣ ይወቅ። ግን የልጅን ደረጃ የሚለካ ፈተና መጀመሪያ የተሠራው ለምን ነበር? ፈረንሳያዊው አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የመጀመሪያውን መለኪያ ያዘጋጀው የተለየ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነው። ተቀበሏትና ደረጃዋን እዩ። ምን እንደሚያስፈልጋት እወቁ። እሱን ብታደርጉ አመሰግናለሁ። በር ላይ ለክቶ መመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ደግሞስ የማንን ደረጃ ከማን ጋር ነው የሚያወዳድሩት? ያ ወፏን ያወቃት ልጅ በፈተናው ቀን ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ልጄን በአሥራ አንድ ወር ይበልጣታል። ለእኔና ለእርስዎ አሥራ አንድ ወር ምንም አይደለም። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን የዕድሜዋን አንድ ስድስተኛ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ እርሳስ አያያዝ ይለወጣል፣ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ይመጣል፣ የማያውቁትን ሰው ፊት ለፊት ማናገር ይመጣል። ሁለቱንም አንድ ክፍል አስገብቶ አንድ ወረቀት መስጠት የሚለካው ማን ቀድሞ እንደተወለደና ማን ወፏን ቀድሞ እንዳያት ነው።

ልጄ ምን እንደምትችል አንድ ሰው ቢጠይቀኝ በደስታ እነግረው ነበር። ጫማዋን ራሷ ታስራለች። ተራዋን ትጠብቃለች። ሽንት ቤት መሄድ ስትፈልግ ሳታፍር ትጠይቃለች። ተረት እስከ መጨረሻው ሰምታ በራሷ ቃል ትደግመዋለች፤ አንዳንዴ መጨረሻውን ካልወደደችው ትቀይረዋለች። አንደኛ ክፍል ለሚገባ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል? ይህን ሁሉ የጠየቃት የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ልጄ የተፈተነችበትን ወረቀት ላየው ይገባል። ለመግቢያ የሚፈትን ትምህርት ቤት ለዚያው ፈተና ማስጠናት አይሽጥ። አመልካች ከቦታው ከበዛ በወላጆች ፊት ዕጣ ይውጣ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የእርስዎ ፊርማ ያለበት አንድ ሰርኩላር ይበቃል።

ማታ ማታ ወደ ተረታችን ተመልሰናል። ዎርክሺቶቹን ሰብስቤ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ። ትናንት አንድ ገጽ ሳነብላት ቃል ተሳሳትኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና "እማዬ፣ አንቺ ስትሳሳቺ መድገም ይቻላል?" አለችኝ። ይቻላል አልኳት። "እኔስ?" አለች።

ይህን ደብዳቤ እንደ በፊቶቹ ሁሉ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ለመልሱ ቢሮዎ እመጣለሁ። ወረቀቷን እስካላየሁ ድረስ ማክሰኞም እመጣለሁ።

እናቷ