እማዬ፣ እርገጪበት

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ትናንት ሚሚ ስልኩን ስታዞርልኝ፣ የተሰበረው ዳሌሽ በኦፕራሲዮን ከተቀየረልሽ በኋላ አሁንም አልጋ ላይ ነሽ፤ ጠያቂዎቹ ከበውሽ "ኧረ ተኚ፣ አጥንቱ ይጥና" ይላሉ። ክፋት የላቸውም፣ ግን ነገሩን ገልብጠውታል። አጥንት የሚጠናው ክብደት ሲያርፍበት ነው። ዩሊየስ ቮልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ይሄን በ1892 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ጠፈርተኞች እንኳ ያን ሁሉ ጉልበት ይዘው፣ ክብደት በሌለበት ህዋ ላይ ሲቆዩ በየወሩ ከዳሌ አጥንታቸው 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። አንቺ ደግሞ 71 ዓመትሽ ነው።

አዲሱ ዳሌሽ በአጥንት ሲሚንቶ የተያያዘ ነው (አትሳቂ፣ የግንበኛው አይደለም)። እዚያው ኦፕራሲዮን ላይ እያለሽ ደርቋል። ሲሚንቶ ባይኖረው አጥንቱ ብረቱን እስኪይዘው ሳምንታት ይፈልግ ነበር፣ አንዳንድ ሐኪምም ያኔ ቀስ በሉ ይላል፤ ያንቺ ወረቀት ላይ ግን "እስከቻለችው ትርገጥ" ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ተነሺ። መጀመሪያ ዎከሩ (ያ ተደግፈሽ የምትሄጂበት)፣ ቀጥሎ የታመመው እግር፣ ከዚያ ደህነኛው። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ወደ ከዘራ ስትሸጋገሪ በደህነኛው እግር በኩል ባለው እጅ ያዢው፤ ሰው ሁሉ በታመመው በኩል ነው የሚይዘው።

እኔ የምፈራው በርጩማውን ነው። ቡና ላፍላ ብለሽ ዝቅ ብለሽ ከተቀመጥሽ ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ ይወጣል፣ ያንቺ ደግሞ ከኋላ በኩል ተቀዶ የገባ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ሊወልቅ ይችላል። ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፣ አንቺ ከፍ ያለ ወንበር ላይ። እግር ማነባበር የለም። ስግደቱም ለጊዜው ይቅር፣ ካላመንሽኝ የነፍስ አባትሽን ጠይቂያቸው። ወጌሻ ደግሞ በዚያ በር እንዳይገባ! ባትሽ ካበጠና ካመመሽ ግን "ድካም ነው" ሳትይ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። እንዲሁ ቆመሽ ወድቀሽ ዳሌሽ ተሰበረ ማለት አጥንቱ ድሮውንም ሳስቷል ማለት ነው። የተቀየረው አንዱ ብቻ ነው፤ አከርካሪሽ፣ የእጅ አንጓሽ፣ ሌላኛው ዳሌሽ ያው የድሮዎቹ ናቸው፣ እና ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒት እስካሁን ያነሳልሽ ሰው የለም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ራስሽ አንሺው፤ ስለ ቫይታሚን ዲም ጠይቂ። ጾም ነው ብለሽ ወተቱንና እንቁላሉን ካልነካሽ ጎመኑን አዘውትሪ፣ ሰሊጥም ይመታልሽ፣ ምስርና ሽሮው እንዳይጎድል። ከቤት ወጥተሽ ነጠላውን ከክንድሽ ገለጥ አድርገሽ ፀሐይ ሙቂ፤ መስኮት ዘግቶ መሞቅ ለአጥንት አይረባም።

ለሚሚ የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቅልላ እንድታነሳው ነግሬያታለሁ። ዎከሩ ጫፉ ላይ ሲያዝ አይቻለሁ። የእንግዳ ምንጣፍ ነው ምናምን እንዳትያት።