እኛ ታይፒስቶች አይደለንም፦ የላቴክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የወጣልን ስም አለ፦ «የታይፒስቶች ክበብ»። ስሙን ያወጣውን ባልደረባዬን አውቀዋለሁ። አልተቀየምኩትም። ግን ዘንድሮ ለ11ኛ ክፍል የተበተኑት የማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ ተደርድረው በቅንፍ የታጠሩ ቁጥሮች) መልመጃዎች ዓምዳቸውን ጠብቀው፣ ቅንፋቸው ቀጥ ብሎ የወጡት በማን እጅ እንደሆነ ይወቅልኝ።

ለማያውቁን ባጭሩ፦ ክበባችን የሒሳብ ጽሑፍ ላቴክ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ያዘጋጃል። በላቴክ የሚሠራ ሰው ገጹን በማውስ እየጎተተ አያስተካክልም። የሚፈልገውን በትእዛዝ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ይደረድርለታል። የአማርኛው ፊደል ከሒሳቡ ጋር አብሮ እንዲወጣ ዚላቴክ የሚባለውን የላቴክ ዓይነት እንጠቀማለን። ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜያችንን የወሰደው ማትሪክስ ነው።

ለምን ማትሪክስ? ባለፈው ዓመት የተሰጠ አንድ መልመጃ ትዝ የሚላችሁ ተማሪዎች ትኖራላችሁ። ማትሪክሱ በስፔስ ብቻ የተደረደረ ነበር። የሚታተምበት ኮምፒውተር ሲቀየር ፎንቱም ተቀየረ፣ ዓምዶቹ ተንሸራተቱ። 5 እና −3 የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ተጠጋግተው «5 − 3» መሰሉ። ባለ ሦስት ዓምድ የነበረው ረድፍ ለግማሹ ክፍል ባለ ሁለት ዓምድ ሆነ። ደብዳቤ ላይ ክፍተት ቢዛባ አንባቢ ገምቶ ያልፈዋል። ማትሪክስ ላይ ግን አንድ ቁጥር የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ትርጉም ነው።

ቅንፉም እንደዚሁ። በላቴክ ፒማትሪክስ የሚለው ትእዛዝ ክብ ቅንፍ ይሰጣል፣ ቢማትሪክስ ባለ ማዕዘን ቅንፍ፣ ቪማትሪክስ ደግሞ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማትሪክስ ናቸው። ሦስተኛው ዲተርሚናንት ነው፣ ማለትም ከማትሪክሱ ተሰልቶ የሚወጣ አንድ ቁጥር። ቢማትሪክስ ማለት የነበረበት ልጅ ቪማትሪክስ ብሎ ቢጽፍ ፕሮግራሙ ምንም ሳይል አሳምሮ ይሠራለታል። ስህተቱን የሚይዘው ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። የወጣልንን ስም የማልቀበለውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ስብሰባዎች እንደ ማንኛውም ክበብ ነበሩ። ተማሪዎቹ ተመዘገቡ፣ ሊቀመንበር መረጡ፣ የተወሰኑት ጠፉ። & ዓምድን ከዓምድ እንደሚለይ፣ \\ ረድፉን እንደሚዘጋ ተማሩ። በተዘለሉ ቁጥሮች ቦታ አግድም፣ ቁልቁልና ሰያፍ የሚሄዱትን ነጥቦች ለመዱ። ቃለ ጉባኤው እኔ ጋ አለ።

ሞቅ ያለ ክርክር የተነሳው በአሉታዊ ቁጥሮች ነው። ላቴክ ካልነገሩት ቁጥሮቹን በየዓምዱ መሀል ላይ ያስቀምጣል። 7 ከ−12 በላይ ሲቀመጥ አሃዶቹ አይገጥሙም። ማዝቱልስ የሚባለው ፓኬጅ (ለላቴክ ተጨማሪ ትእዛዞች የሚሰጥ ጥቅል) ወደ ቀኝ ማስጠጋት ያስችላል። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «መሀል ላይ ያምራል» አለ። እኔ የቀኝ ወገን ነኝ። ሙሉ ቁጥር ብቻ ያለበት ማትሪክስ ወደ ቀኝ ሲጠጋ ዓይን ሳይደናቀፍ ይወርዳል። ወደ ድምፅ ብልጫ ስንሄድ ግን ተሸነፍኩ።

ሌላው የማይረሳው የትምህርት ቤታችን የመሬት ወለል ካርታ ነው። የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር በበር እንደሚገናኝ በ0 እና በ1 ለማሳየት 12 በ12 ማትሪክስ ጻፉ። ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ። የ& ምልክቶቹን ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ልክ ናቸው። ለካ የማትሪክስ ትእዛዞቹን የሚሰጠው ፓኬጅ ካልነገሩት በቀር ከ10 ዓምድ በላይ አይፈቅድም! አንድ መስመር ጽፎ ገደቡን ማሳደግ ይቻላል። ያቺን መስመር እስኪያገኙ ግን የደረሰባቸውን እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ማተሚያ ቤቱ ጉብኝት ልምጣ።

በሁለተኛው ሴሚስተር የድሮ የእርሳስ ፊደላት እስካሁን በመሳቢያ የተቀመጡበት አንድ ማተሚያ ቤት ሄድን። ጡረታ የወጡ የፊደል ለቃሚ ለእኛ ሲሉ መጥተው ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ባዶ ቦታውን ሁሉ በብረት ቁራጭ እየሞሉ አንድ ማትሪክስ ደረደሩልን። ባዶ ቦታም እንደ ፊደል ተለክቶ ይገባል። ሒሳብ ያለበት ገጽ ከተራ ገጽ የበለጠ ያስከፍል እንደነበር ነገሩን። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም፣ እያየን ነበር።

ትልቁ ቅንፍ ላይ ሲደርሱ አንድ የብረት ቅንፍ አላነሱም። የላይኛውን ጥምዝ አነሱ፣ የታችኛውን አነሱ፣ መሀሉን በቀጥ ያሉ ቁራጮች ሞሉት። ለእያንዳንዱ ቁመት የተለየ ቅንፍ ስለማይቀረጽ ይገጣጠማል። ያኔ ነው ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት የ10ኛ ክፍል ልጅ ወደ ፊት የወጣችው።

«ጋሼ፣ መገጣጠሚያው አይታይም?»

ማጉያ መነጽር ሰጧት። «ይታያል እንጂ፣ ልጄ። አንባቢው ግን ማየት የለበትም» አሏት። መነጽሩን ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁላችንም ቀድማ መጥታ ኮምፒውተር ከፍታለች። አንድ ረድፍ ያለው ማትሪክስ ጻፈች፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ እያለች ጨመረች። በየደረጃው ቅንፉን በስክሪኑ ላይ እስከሚቻለው ድረስ አጎላችው። «ቲቸር፣ ይሄም ይገጣጥማል!» አለች። ልክ ነበረች። ትንንሾቹ ቅንፎች ተዘጋጅተው የተቀመጡ ናቸው። ማትሪክሱ ሲረዝም ግን ፕሮግራሙ የላይኛውን ጫፍ፣ የታችኛውን ጫፍና የሚደጋገም መሀል ይቀጣጥላል። ይህን ማንም አልነገራትም፣ እኔም አላስተማርኳትም።

እንዲያ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በ1977 እ.ኤ.አ. የመጽሐፉን አዲስ እትም የሙከራ ሕትመት ሲያይ ጥራቱ አናደደው። የድሮዎቹ ማተሚያ ቤቶች ያወጡት የነበረውን ገጽ በኮምፒውተር ለማውጣት ብሎ ቴክ የሚባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ቶሎ የሚያልቅ መስሎት የነበረው ሥራ አሥር ዓመት ገደማ ወሰደበት። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ በዚያ ላይ ላቴክን ሠራ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ለክበቡ ያቀረበችው ራሷ ናት፣ ሰሌዳው ላይ ቅንፍ እየሣለች፣ እየተንተባተበችም ቢሆን። ከኋላ ቆሜ ስሰማት ዓይኔን መጥረግ ነበረብኝ።

ያልተሳካውም አለ። ቃል የገባነው የጥያቄና መልስ ቡክሌት ዘግይቶ ወጣ፣ ሳስቶም ወጣ። ክፍልፋይ ያለባቸው ማትሪክሶች ረድፋቸው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ በመጨረሻው ሰዓት በየረድፉ ክፍተት እየጨመርን ነበር። የኮምፒውተር ክፍል ተራችን ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው። በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ልጅ ይቀመጣል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ይመክራሉ። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ አዲስ ማሊያ አግኝቷል፣ እንኳን ደስ ያለው። እኛ ደግሞ ለፕሪንተር ቀለም ደጋግመን አመልክተናል። ማመልከቻው በላቴክ የተዘጋጀ ስለነበር ቢያንስ ያምር ነበር።

ላቴክ ነጻ ነው። ትምህርት ቤቱ ለሶፍትዌር ፈቃድ ምንም አላወጣብንም፣ አያወጣብንምም። ለሚቀጥለው ዓመት የ11ኛ ክፍልን የማትሪክስ ምዕራፍ መልመጃዎች በሙሉ ከነመልሳቸው ማዘጋጀት እንፈልጋለን። የሚያስፈልገን ቀለም፣ ወረቀትና በሳምንት አንድ የራሳችን ከሰዓት በኋላ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ቤቱ ያስቀመጠ ወላጅ ካለ ደግሞ በቀጥታ ያነጋግረኝ። ላቴክ አሮጌ ኮምፒውተር አይንቅም፣ እኛም አንንቅም።