ከደቡብ ዋልታ ለደብረ ብርሃኗ ጓደኛዬ

ውዴ፣ እንደምን ነሽልኝ? ልጆቹስ አደጉ?

ብዙ ጊዜ ጠፋሁብሽ። ኢንተርኔት እዚህ ሳተላይቱ ብቅ ሲል በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ እኔ ምድጃ ላይ ነኝ። ሰዓታችንም የኒውዚላንድ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁርስ ሳቀርብ እናንተ ጋ ገና የዋዜማው ምሽት 4 ሰዓት ነው። ግን ሁሌም በልቤ ነሽ።

«ምን አጥተሽ በረዶ ውስጥ ገባሽ?» ብለሽኝ ነበር። እስኪ ልንገርሽ።

ያለሁት አሙንድሰን ስኮት በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ ነው፣ ልክ ዋልታው ላይ። ከፍታው 2,835 ሜትር ነው፤ በቃ ደብረ ብርሃን በይው! አየሩ ግን ከኛም ይሳሳል። የመጀመሪያ ሰሞን ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ባቄላው አልበስል ይላል፣ ሊጡ ደግሞ ቶሎ ኩፍ ይልና ዘወር ካልኩ ከእቃው ይወጣል። እዚያ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል።

የመጨረሻው አውሮፕላን የካቲት ላይ ሄደ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ሌላ የለም፣ ብርዱ አያስበርርም። ፀሐይም መጋቢት ላይ ጠልቃ የምትወጣው መስከረም ነው። የቀረነው አርባ ምናምን ሰው ነን።

ውሃው ነው ጉዱ። የጄኔሬተሩ ሙቀት ጥልቅ ያለውን በረዶ ያቀልጥና ውሃው በፓምፕ ይሳባል፤ ስለዚህ ውሃ ማባከን ነዳጅ ማባከን ነው። ገላ የምንታጠበው በሳምንት 2 ቀን፣ ለ2 ደቂቃ። ጀሪካን ተሸክመን ላደግነው ይሄ ምንም አይደለም፣ ድስት ሳጥብ እጄ ራሱ ቆጣቢ ነው።

የምመግባቸውን ሰዎች ብታያቸው ትወጃቸው ነበር። ሁለቱ የአይስኪውብ ጠባቂዎች ናቸው። እሱ ማለት እንደ መቁጠሪያ በ86 ገመድ የተሰኩ 5,160 መሣሪያዎች፣ ከ1,400 ሜትር በታች በረዶው ውስጥ ተቀብረው፣ ከህዋ የሚመጣ ኒውትሪኖ የሚባል ቅንጣት በረዶውን ሲመታ የሚፈጠረውን ብልጭታ ይጠብቃሉ። በፈረንጆቹ 2010 ላይ ነው ተከላው ያለቀው። ሌሊት ማንቂያው ሲጮህ ልጆቹ ተነስተው ይሮጣሉ፣ እኔ ደግሞ ምግባቸውን ከድኜ አስቀምጣለሁ። እና ይሄ ሥራ ትንሽ ነው ብዬ አላውቅም።

አፈር የሌለው፣ በመብራትና በውሃ ብቻ የሚያበቅል አንድ ክፍል አለ። ሰላጣ፣ ኪያር፣ ቅጠላ ቅጠል። የባዚሉን ቅጠል በጣቴ ሳሸው የበሶብላ ሽታ ይመጣል፤ በሩን ዘግቼ ትንሽ እቀመጣለሁ፣ እርጥብ አየር እዚያ ብቻ ነው ያለው። ውጭው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ይወርዳል፣ አፍንጫ ምንም አይሸተውም።

አሁን የምፈልግብሽ ነገር አለ። ፀሐይ ስትወጣ ሁላችንም አንድ ላይ እራት እንበላለን፣ እኔም ድፎ ዳቦ ልደፋ አስቤያለሁ። እማማን ጠይቂልኝ፦ እርሾውን ስንት ሰዓት ነው የሚያቆዩት? ኮባ ስለሌለኝስ በምን ልጠቅልለው? ቶሎ ጻፊልኝ፣ ቢያንስ አንዴ መሞከር አለብኝ።

ያንቺው